የጥፍር ሥራ መማር እፈልጋለሁ፤ የት ልመዝገብ?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ የጥፍር ሥራ ሙያን ስለ መማር ናቸው። ጠያቂዎቻችን ገና የምዝገባ ገንዘብ ሊከፍሉ የተዘጋጁ፣ ትምህርቱን ጀምረው ግራ የተጋቡና ጨርሰውም ሥራው አልያዝ ያላቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት ማሰልጠኛዎች አይቻለሁ። አንደኛው በ10 ቀን ማኒኩር፣ ፔዲኩር፣ ጄል፣ አክሪሊክና ዲዛይን አስተምሮ ሰርተፍኬትና የዕቃ ኪት ይሰጣል። ሌላው 3 ወር ይፈጃል፤ ክፍያውም ከእጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀኑን ትተው ሰዓቱን ይቁጠሩ። በቀን 3 ሰዓት ለ10 ቀን 30 ሰዓት ነው። አንዲት ጀማሪ አሥሩንም ጣት በአክሪሊክ (ሊኩዊድ ከሚባል ፈሳሽና ፓውደር ከሚባል ዱቄት በሚሠራው ማስረዘሚያ) ሠርታ ለመጨረስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጅባታል። 30ውም ሰዓት ለአክሪሊክ ብቻ ቢውል እንኳ ከ10 ጊዜ በላይ አትሠራም፤ እዚህ ግን አምስት ትምህርት ታጭቆበታል። የ3 ወሩም ቢሆን በስሙ ብቻ አይታመንም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ከሆነ በ12 ሳምንት 48 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለቱም የትምህርቱን ፕሮግራም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ስንቱ ሰዓት ንድፈ ሐሳብ፣ ስንቱ በፕላስቲክ እጅ፣ ስንቱ በሰው እጅ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍልዎ።

ከዚያ በተግባር ልምምድ ቀን ሄደው አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ይህን የማይፈቅድ ቦታ ላይ ገንዘብዎን ባይከፍሉ እንመክራለን። አንዲት አስተማሪ ከስድስት ወይም ከስምንት ተማሪ በላይ ይዛ የእያንዳንዱን የእጅ አያያዝ ማየት አትችልም። በፕላስቲክ እጅ መጀመር ነውር የለውም፤ ነገር ግን የፕላስቲክ እጅ ቆዳው አይደማም፣ ላብና ቅባት የለውም፣ ጄሉ (በመብራት የሚደርቀው ቅብ) ሲግል «አቃጠለኝ» ብሎ እጁን አይስብም። ከትምህርቱ ቢያንስ ግማሹ በሰው እጅ ካልሆነ ቀሪውን የሚማሩት በመጀመሪያዎቹ ደንበኞችዎ ላይ ነው።

እኛ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ «ዛሬ የሠራሁላት ሞዴል ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ እኔ ትመለሳለች ወይ?» ምክንያቱም ጥፍር በተሠራ ዕለት ሁሉም ያምራል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል፤ በሦስት ሳምንት ከቆዳው ሥር 2 ሚሊሜትር የሚያህል ባዶ ቦታ ይከፈታል ማለት ነው። በዚያው ልክ አፔክስ የሚባለው፣ ጥፍሩን የሚሸከመው ጉብታ ወደ ፊት ይሸሻል። ያኔ ክብደቱ ሁሉ ወደ ጫፉ ስለሚሄድ ትንሽ ግጭት ሲነካው የራስዋን ጥፍር ይዞ ይሰበራል። ሪፊል ማለት ክፍተቱን ሞልቶ ቀለም መቀባት ብቻ አይደለም፤ የተነሳውን መሞረድ፣ የፊተኛውን ማሳሳትና ጉብታውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ሪፊልና ማውጣት (የተሠራውን ጄል ወይም አክሪሊክ ከጥፍሩ ማንሳት) በፕሮግራሙ ውስጥ የራሳቸው ቀን ከሌላቸው ትምህርቱ ግማሽ ነው። ደንበኛ የሚጎዳው በብዛት ሲሠራላት ሳይሆን ሲወጣላት ነው፤ ተፈንቅሎ የተነሳ ጄል የጥፍሩን የላይኛ ሽፋን ይዞ ይሄዳል፣ እስኪተካም እስከ ስድስት ወር ይፈጃል።

የትምህርቱ ቅደም ተከተልም ብዙ ይናገራል። የጥፍር አካላትና በሽታዎች፣ ንጽሕና፣ ከዚያ በተፈጥሮ ጥፍር ላይ ማኒኩርና ፔዲኩር፣ ቀጥሎ ጄል ፖሊሽ፣ በመጨረሻ ማስረዘሚያ። በመጀመሪያው ሳምንት በአበባ ዲዛይንና በድንጋይ ማጣበቅ የሚጀምር ማሰልጠኛ ተማሪ ለመሳብ እንጂ ባለሙያ ለማውጣት አላሰበም።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ማሰልጠኛው ራሱ «ተምራለች» ብሎ የሚሰጠው ነው። ሌላው ሲኦሲ የምንለው፣ በመንግሥት የምዘና ማዕከል በጽሑፍና በተግባር ተፈትነው የሚያገኙት የብቃት ማረጋገጫ ነው። ማሰልጠኛው የዕውቅና ፈቃድ እንዳለው፣ ሥልጠናው በየትኛው የሙያ ደረጃና በየትኛው የሙያ ስም እንደተመዘገበ፣ ተማሪዎቹን ለምዘና የሚያቀርብ መሆኑን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ የፈቃዱንም ወረቀት ይዩ። በፀጉር ሥራ ፈቃድ የጥፍር ሥራ የሚያስተምር ካለ ለምዘና በየትኛው ሙያ እንደሚያቀርብዎ በግልጽ ያስረዳዎት።

ኪቱ ደግሞ አያጓጓዎት። ውስጡ ያለው ላምፕ (የጄል ማድረቂያ መብራት) እና ጄል የአንድ አምራች መሆኑን፣ በጠርሙሶቹ ላይ የይዘት ዝርዝርና የማብቂያ ቀን መኖሩን ይመልከቱ። ስም የሌለው ጠርሙስ የሞላበት ኪት ከማግኘት ሳይሰጥዎ ቢቀርና ዋጋው ከክፍያው ላይ ቢቀነስልዎ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ትምህርቱን ጨርሼ ሳሎን ገብቻለሁ፤ ነገር ግን የምቀባው ጄል በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ይነሳል። አስተማሪዬ «ጄሉ ጥሩ አይደለም፣ ቀይሪ» አለችኝ። ሦስት ዓይነት ቀያየርኩ፤ ያው ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሦስት ጄል ቀይረው ያው ከሆነ ጥፋቱ ከጄሉ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ከየት እንደሚነሳ ይዩ። ከቆዳው በኩል ከሆነ ጄሉ ቆዳ ላይ ፈስሷል፤ ወይም ጥፍሩ ላይ የተጣበቀው ስስ የሞተ ቆዳ አልወጣም። ከጫፉ ከሆነ ጫፉ አልተሸፈነም። እንደ ልጣጭ ሙሉ በሙሉ ከተገፈፈ ቅባት ወይም እርጥበት አለ፣ ካልሆነም ቤዙ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ጄል) ወፍሯል። ላይ ላዩ ከተጨማደደ ቀለሙ ወፍሮ ውስጡ አልደረቀም።

ብዙ ሳሎን የሚሳሳተው እጅን ለብ ባለ ውኃ በመዘፍዘፍ ነው። ለተራ ጥፍር ቀለም ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ለጄል ግን ጥፍር ውኃ ሲጠጣ ይሰፋል፤ ጄሉ ከተቀባበት በኋላ ደርቆ ሲሰበሰብ ከሥሩ ይላቀቃል። ጄል የምትቀባ ደንበኛ እጅዋን በሳሙና ታጥባ በደንብ ታድርቅ፤ ኪውቲክሉን (በጥፍሩ ሥር ያለውን ስስ ቆዳ) በደረቁ ይሥሩ። ፀጉርዋን ተቀብታ የመጣች ከሆነ ጥፍሩ ከመሠራቱ በፊት እጅዋን ድጋሚ ትታጠብ። ፀጉርና ጥፍር በአንድ ወንበር በሚሠራበት ሳሎን የፀጉር ቅባት ለጄል የመጀመሪያው ጠላት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በፑሸር (በቆዳ መግፊያው ብረት) ቆዳውን ቀስ ብለው ይግፉ፤ ፑሸሩ በጥፍሩ ላይ ተኛ ይበል እንጂ አይቁም፣ ከቆመ ጥፍሩን ይቧጥጣል። ጥፍሩ ላይ የቀረውን ስስ ነጭ ሽፋን፣ በተለይ በሁለቱ ጎንና በማዕዘኖቹ፣ ፈልገው ያውጡ፤ በዓይን በቀላሉ አይታይም፣ በብርሃን አዘንብለው ሲያዩት ግን ያለ አንጸባራቂነት ይለያል። በ240 በፈር (ቁጥሩ ልስላሴውን የሚያሳይ ለስላሳ ሞረድ) ወዙን ብቻ ያንሱ። ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፤ ዲሃይድሬተር (እርጥበትና ቅባት የሚያነሳ ፈሳሽ) ይቀቡ። ከዚህ በኋላ ጥፍሩን በጣትዎ አይንኩ። ቤዙን እንደ ስስ ቅብ ዘርግተው ከቆዳው አንድ ፀጉር ያህል ራቅ ይበሉ፤ ብሩሹን በጫፉ ውፍረት ላይ አሻግረው ይዝጉት። ቆዳ የነካ ካለ ላምፕ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእንጨት ጫፍ ይጥረጉ።

አራቱን ጣት አንድ ላይ፣ አውራ ጣትን ለብቻው ያድርቁ። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጋር ሲገባ ስለሚያዘነብል አንዱ ጎኑ ብርሃን አያገኝም። ጥቁር፣ ነጭና ደማቅ ቀለሞች ብርሃን ስለሚያግዱ አንድ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ሦስት ስስ መደረብ ይሻላል። የዋት ቁጥሩም አያታልልዎ፤ 48 ዋት የተጻፈበት ሁሉ እኩል አያደርቅም፤ ዋናው የላምፑ ብርሃን ጄሉ ከተሠራበት ጋር መስማማቱ ነው። በባትሪ የሚሠራ ላምፕ ከሆነ ባትሪው ሲደክም ብርሃኑ ይቀንሳል። መብራት በመሐል ከጠፋ ያቺን ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምረው ድጋሚ ያድርቁ እንጂ «ግማሹ ደርቋል» ብለው አይለፉ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ አክሪሊክ ልማር ወይስ ጄል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጄል ፖሊሽን ከማኒኩር ጋር አንድ ላይ ይማሩ፤ ገቢ ቶሎ የሚያመጣው እሱ ነው። ከማስረዘሚያው ግን አንዱን መርጠው እስኪጠነክሩ ይቆዩበት። አክሪሊክ መብራት አይፈልግም፤ ሊኩዊዱና ፓውደሩ ሲገናኙ በራሱ ይደርቃል፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሽታው ግን ይከብዳል፤ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል አይሠራም። እጅ ከመለመዱ በፊትም ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ብሩሹ የሚያነሳው ጠብታ በግምት አንድ ተኩል ሊኩዊድ ለአንድ ፓውደር መሆን አለበት። ከዚያ ከረጠበ ወደ ቆዳ ይፈስሳል፣ ከደረቀም አይያያዝም፣ ይነሳል። በክረምት ጠዋት ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አክሪሊኩ ዘግይቶ ይጠነክራል፤ አንዳንዴም ላዩ አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር ያወጣል። ያኔ ክፍሉንና የደንበኛዋን እጅ ማሞቅ እንጂ ፓውደር መጨመር መፍትሔ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሥልጠናው ከተጀመረ አምስተኛ ሳምንታችን ነው። የጣቶቼ ጫፍ ያሳክከኛል፣ ቀልቷል፣ ቆዳው ይላጣል። አስተማሪዬ «ጓንት አድርጊና ቀጥይ፣ እጅሽ ይለምደዋል» ትለኛለች። (ከአዳማ)

መልስ፦ አይለምደውም። ዛሬውኑ ያቁሙና የቆዳ ሐኪም ይዩ፤ ሐኪሙ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ምርመራ የቱ ንጥረ ነገር እንደሆነ ሊለይልዎ ይችላል። የገለጹት ነገር ያልደረቀ ጄል ወይም አክሪሊክ ቆዳን ሲነካ የሚመጣ የአክሪሌት አለርጂ ይመስላል። አንዴ ከያዘ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይቆያል። ተመሳሳይ ንጥረ ነገር በአንዳንድ የጥርስ መሙያና አጥንት ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ሲሚንቶ ውስጥ ስላለ ነገሩ ከሥራዎ ወጥቶ ሕክምናዎ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው አጥብቀን የምንናገረው።

ጓንትም እንደሚታሰበው አይከላከልም። ላቴክስ ለእነዚህ ኬሚካሎች ከለላ አይሆንም፤ ተራ ናይትራይልም ቢሆን ጄል ከነካው በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፋል። ናይትራይል ያድርጉ፣ ነገር ግን ጄል በነካው ቁጥር ወዲያው ይቀይሩት።

አለርጂው ከየት እንደመጣ ሲፈትሹ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው እነዚህን ነው፦ ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ የሚቀረውን የሚያጣብቅ ሽፋን በጣት መጥረግ፤ ብሩሹን በጣት ማስተካከል፤ ለጄሉ የማይስማማ ላምፕ ተጠቅሞ ውስጡ ያልደረቀውን ሞርዶ ብናኙ እጅና ፊት ላይ እንዲያርፍ ማድረግ። በአውሮፓ ኅብረት ሄማ የሚባለው አለርጂ አምጪ ንጥረ ነገር ያለበት የጥፍር ምርት ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለባለሙያ ብቻ የተፈቀደና ማስጠንቀቂያ የሚጻፍበት ሆኗል። ቲፒኦ የተባለው ጄል ማድረቂያ ንጥረ ነገር ደግሞ በዚያው በኅብረቱ ከመስከረም 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ታግዷል። ማሰልጠኛዎ ጄሉ ውስጥ ምን እንዳለ ማሳየት ካልቻለ ጠርሙሱን አይንኩ።

አክሪሊክ ላይ ደግሞ ኤምኤምኤ የሚባል ርካሽ ሊኩዊድ አለ። አሜሪካ ውስጥ የጉዳት አቤቱታ ከበዛ በኋላ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እርምጃ ወስዶበታል፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶችም ከልክለውታል። ምልክቱ ከተለመደው አክሪሊክ የተለየ ኃይለኛ ሽታ፣ ሞረድ የማይበላው ጥንካሬና በአሴቶን ሲዘፈዘፍ አልለቅም ማለት ነው። ከጥንካሬው የተነሳ ጥፍሩ ሲጋጭ አክሪሊኩ አይሰበርም፤ የሚነቀለው የደንበኛዋ ጥፍር ነው። ከገበያው ዋጋ በጣም የወረደ ሊኩዊድ ካዩ ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከአገር ቤት የጥፍር ሥራ ሰርተፍኬት አለኝ፣ ሁለት ዓመትም ሠርቻለሁ። እዚህ እንደገና መማር አለብኝ? ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ያጥራል ትላለች። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ፈቃዱ የክፍለ ግዛት ነው፤ ሰዓቱም በዚያው ይለያያል። ሜሪላንድ 250 ሰዓት፣ ቨርጂኒያ 150፣ ኒውዮርክ 250፣ ካሊፎርኒያ 400፣ ቴክሳስ 600 ሰዓት ይጠይቃሉ። ጓደኛዎ ልክ ናት፤ ቨርጂኒያ ያጥራል። ነገር ግን የሚሠሩት ሜሪላንድ ከሆነ የ150 ሰዓት ትምህርት ይዘው ሲሻገሩ ቀሪውን 100 ሰዓት እንዲሞሉ ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለዚህ የሚማሩበትን ሳይሆን የሚሠሩበትን ክፍለ ግዛት አስቀድመው ይወስኑ። ወደ ቴክሳስ ለመዛወር ያሰበ ሰው ደግሞ ይህን ልዩነት ከወዲሁ ያስላ።

ከአገር ቤት ያመጡት ሰርተፍኬት በራሱ አያሠራም። ሰዓቱ በዝርዝር የተጻፈበት ትራንስክሪፕት ካለዎት አስተርጉመው ለክፍለ ግዛቱ የኮስሜቶሎጂ ቦርድ አቅርበው ምን ያህሉን እንደሚቀበል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱን ሳያገኙ ግን ለትምህርት ቤት ሙሉውን አይክፈሉ። የሁለት ዓመት እጅዎ ፈተናው ላይ ይረዳዎታል፤ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ንድፈ ሐሳቡ ነው፣ በተለይ የንጽሕናና የደኅንነት ጥያቄዎቹ። ፈተናው በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚሰጥ አስቀድመው ይወቁ።

ትምህርት ቤቱን ደግሞ ይህን ይጠይቁ፦ ቦርዱ ያጸደቀው ነው? ክፍያው ኪትን፣ መጽሐፍንና የፈተናን ክፍያ ይጨምራል? በመሐል ባቆም ስንቱ ይመለሳል? ካለፈው ዓመት ተፈታኞች ስንቱ በመጀመሪያ ፈተና አለፈ? ሰዓቱ እንዴት ይመዘገባል? የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ሰዓትዎን የሚያሳየው መዝገብ ብቻ ነው። በየወሩ ቅጂውን ይቀበሉና ቤትዎ ያስቀምጡ።

እግረ መንገዳችንን ለእንግሊዝ አንባቢዎቻችን፦ እዚያ አገር አቀፍ የጥፍር ሥራ ፈቃድ የለም። ኢንሹራንስ ሰጪዎች ግን የታወቀ የሙያ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ የምትመዘገቡበትን ኮርስ ስም ይዛችሁ መጀመሪያ ኢንሹራንሱን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም የሚሰጥ የቪዲዮ ኮርስ በቂ ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ ለዲዛይን አዎ። ለድሪል (በኤሌክትሪክ ለሚዞረው መሞረጃ) እና ለማስረዘሚያ አይሆንም፤ የእጅ ጫናን ቪዲዮ አያሳይም። ድሪል በተፈጥሮ ጥፍር አካባቢ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በደቂቃ ከ3,000 እስከ 6,000 ዙር ያህል ነው የሚሠራው፤ ከፍ ያለው ፍጥነት ለደረቀ ጄልና አክሪሊክ ነው። ተማሪ ፍጥነቱን ቀንሳ ጫናውን ስትጨምር፣ ወይም ቢቱን (የሚዞረውን ጫፍ) በጠርዙ አዘንብላ ስትይዝ፣ ከቆዳው ሥር ቀይ ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ መስመር ትቆርጣለች። ያ መስመር ከጥፍሩ ጋር አድጎ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያም ጥፍሩ በዚያው መስመር ይሰበራል። አጠገብዎ ቆማ እጅዎን የምትይዝ አስተማሪ ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ማሰልጠኛችን ዕቃዎቹን ሰማያዊ መብራት ያለው ሳጥን ውስጥ አስገብቶ «ተቀቅሏል» ይለናል። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እውነት አይደለም። ያ ሳጥን የጸዳ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ብርሃኑ የማይነካው ጎን ሁሉ እንደነበረ ይቀራል። መቁረጫና ፑሸር ደም ሊነኩ የሚችሉ ዕቃዎች ናቸው፤ ሄፓታይተስ ቢ በዓይን በማይታይ ደም ይተላለፋል። ክትባቱን ሥልጠናው ሳይጀመር ቢወስዱ መልካም ነው።

ትክክለኛው ሥራ በማጠብ ይጀምራል። ብረቱን በሳሙናና በብሩሽ፣ መገጣጠሚያውን ከፍተው ይጠቡ፤ ቆሻሻ ያለበትን ዕቃ የትኛውም ኬሚካል አያጸዳውም። ከዚያ ያድርቁት። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ማሽን) ካለ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልተጠቀለለውን 20 ደቂቃ፣ የተጠቀለለውን 30 ደቂቃ። በደረቅ ሙቀት ከሆነ በ170 ዲግሪ 1 ሰዓት ወይም በ160 ዲግሪ 2 ሰዓት፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ሙቀቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ሁለቱም ከሌለ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጁን ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው፣ ታጥቦ የደረቀውን ብረት ለ10 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ያስጥሙት፤ ይህ ግን ማምከን አይደለም፣ ከምንም ይሻላል እንጂ የኦቶክሌቭን ቦታ አይተካም። ውህዱ በየቀኑ አዲስ ይሠራ። ከ10 ደቂቃ በላይ የቆየ ብረት ስለሚዝግ ወዲያው በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ያድርቁት። ሞረድ፣ በፈርና የብርቱካን እንጨት ግን በምንም አይጸዱም፤ ለአንድ ደንበኛ ከተጠቀሙባቸው በኋላ ይጣላሉ፣ አለዚያም ስሟ ተጽፎበት ለእሷ ብቻ ይቀመጣል። ማሰልጠኛ ሲጎበኙ የቆሻሻ ቅርጫቱን ይመልከቱ፤ ተማሪ እየተለማመደ ያገለገለ ሞረድ ካልተጣለበት፣ አንዱ ሞረድ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው።